የበርበሬ ገንዘብና የሳሎን ሲኒማ፤ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በአነስተኛ ወጪ ምስልና ድምፅ እንዴት ይደራጃል?

በቡሬ፣ በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም የኤሌክትሮኒክስ ንግድ ከሰብል ንግድ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። በርበሬው ደርቆ፣ በቆሎው ተፈልፍሎ ወደ ገበያ የሚወርድበት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ቴሌቪዥን፣ ዲሽና ድምፅ ማጉያ የሚጠየቅበት ጊዜም ነው። በመካከሉ ጥር አለ፤ ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ ሞንታርቦ የሚከራየውም የሚገዛውም ያን ጊዜ ነው። ሰኔ ሲገባ የገበሬው ገንዘብ ወደ ማዳበሪያና ወደ ምርጥ ዘር ይዞራል። በዚያ ወቅት መጋዘኑን በባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን የሞላ ነጋዴ ካፒታሉን እስከ ቀጣዩ መኸር አስሮ ተቀመጠ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ፍኖተ ሰላምም ሆነች የባሕር ዳርና የነቀምት መንገዶች የሚለያዩባት ቡሬ የሚሸጡት ዕቃ ዞሮ ዞሮ የመርካቶ ዕቃ ነው። መርካቶ ሲያስል እነርሱን ያማቸዋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። ቴሌቪዥን ወይ እንዳለ ከውጭ ይገባል፣ ወይ ክፍሎቹ ከውጭ መጥተው ይገጣጠማል፤ በሁለቱም መንገድ የዶላር ዕቃ ነው። በዚህ ላይ ቀረጡ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና የጭነቱ ዋጋ ይጨመራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት ደግሞ የመንገዱን ጉዞ አስተጓጉሏል። መኪና ሳይንቀሳቀስ የሚውልበት ቀን ሁሉ ወጪ ነው፤ ያም ወጪ በመጨረሻ የካርቶኑ ዋጋ ላይ ይደመራል።

እንዲህ ባለው ጊዜ ስለ ቤት ሲኒማ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ገበያው ግን እንደ ቅንጦት አይቆጥረውም። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ለብዙ ዓመታት የባለ ሥልጣን፣ የባለ ሀብትና የሆቴል ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ለትንሽ ከተማ ሰው ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር፤ አንድ ዴክ፣ አንድ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበርና በሩ ላይ የተሰቀለ መጋረጃ። ከዚያ ቪሲዲ መጣ፣ ከዚያ ዲሽ፣ ከዚያ ፍላሽ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ከጀመረ በኋላ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ሳይቀር የተመልካች ሰዓት ሆነ። በግጭቱ ሳቢያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ዲሽና ፍላሽ ለብዙ ቤት ከመዝናኛም ያለፈ ነገር ሆነው ቆይተዋል።

ጥያቄው እንግዲህ ይገዛ ወይስ አይገዛ አይደለም። አንድ ቤተሰብ የዓመቱን የበርበሬ ሽያጭ ግማሹን ከፍሎ አንድ ስክሪን ይገዛል፤ ያ ስክሪን መብራት ሄዶ በተመለሰበት ማታ ቢቃጠል ገንዘቡን የሚመልስለት የለም። ሻጩም ቢሆን ደንበኛ ያጣል። ገዢው በብዛት የሚሳሳተው ገንዘቡን በሙሉ ለስክሪኑ ስፋት ስለሚያውለው ነው። ዕቃውን ለሚያውቅ ሰው የተሻለው ድልድል፣ ከ10 ብር ውስጥ 5ቱን ለስክሪን፣ 3ቱን ለድምፅ፣ 2ቱን ደግሞ ለመብራት መከላከያ፣ ለዲሽና ለገመድ ማድረግ ነው። ይህ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን የመጨረሻዋን 2 ብር የዘለለ ሰው የመጀመሪያዋን 5 ብር በአደጋ ላይ ጥሏል።

ኢንች ከመቁጠር በፊት

የቴሌቪዥን ኢንች የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ነው። ባለ 32 ኢንች 81 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ 43 ኢንች 109 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ 55 ኢንች 140 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ምቹ የመመልከቻ ርቀት የዚህ ሰያፍ አንድ ተኩል እጥፍ እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ ባለ 43 ኢንች ከ1 ሜትር ከ60 እስከ 2 ሜትር ከ70 ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ይበቃል። በፍኖተ ሰላም የተለመደው ሳሎን 3 በ4 ሜትር ቢሆን፣ ሶፋው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ቴሌቪዥኑም ቡፌ ላይ ተቀምጦ በመካከላቸው የሚቀረው ርቀት ከ2 ሜትር ተኩል ብዙ አያልፍም። ባለ 55 ኢንች ለዚህ ቤት ጉራ እንጂ ጥቅም አይደለም። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ጥሩ ድምፅ ማጉያና መከላከያ ይገዛል።

ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሁሉ ማመንም አያስፈልግም። 4ኬ የሚል ጽሑፍ ያላቸው አንዳንድ ርካሽ ቴሌቪዥኖች 4ኬ የሆነውን ምስል ይቀበላሉ እንጂ የራሳቸው ስክሪን ያንን ዝርዝር የማሳየት አቅም የለውም። የሚፈተነው ቀላል በሆነ መንገድ ነው፤ ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበትን ፎቶ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ስክሪኑ ላይ በቅርብ ማየት ነው። ፊደሉ ጠርዙ ከተጨማለቀ ዋጋው መውረድ አለበት። በተጨማሪም ጥቁር ምስል አስከፍቶ ማዕዘኖቹን፣ ነጭ ምስል አስከፍቶ መካከሉን ማየት ይጠቅማል፤ ከጀርባ ያለው መብራት የደከመ ወይም የሞተ ነጥብ ያለበት ስክሪን የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ጭነት ላይም አንድ ነገር ይታወቅ። ጠፍጣፋ ስክሪን ቆሞ ይጫናል እንጂ ተኝቶ አይጫንም። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ዕቃ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ይናወጣል። ተኝቶ፣ በላዩ ላይ ሌላ ካርቶን ተደርድሮበት የመጣ ስክሪን ከውጭ ምንም ሳይመስል ውስጡ ተሰንጥቆ ይገኛል። የተሰነጠቀ ስክሪን ደግሞ ጋራንቲ አይሸፍነውም፤ ቢጠገንም የስክሪኑ ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙም አይርቅም። በዚህ ምክንያት ጅምላ ሻጭና ቸርቻሪ የሚፈራረሙት ደረሰኝ ስብራቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ካልገለጸ፣ ጠቡ የሚጀመረው መናኸሪያ ላይ ነው።

የዋት ተረት

የድምፅ ገበያው ከምስሉ ገበያ ይልቅ ለማታለል የተመቸ ነው። ድምፅ ማጉያ ካርቶን ላይ 10 ሺህ ዋት፣ 12 ሺህ ዋት የሚል ቁጥር ማየት የተለመደ ሲሆን ከጎኑ ፒኤምፒኦ የሚል ምልክት ይቀመጣል። ይህ ቁጥር ዕቃው ለቅጽበት ሊያወጣው ይችል ይሆናል ተብሎ የሚገመት እንጂ የሚሠራበት ጉልበት አይደለም፤ አቆጣጠሩም በፋብሪካው ፈቃድ የሚወሰን ነው። ቁም ነገር ያለው አርኤምኤስ የሚባለው፣ ሳይቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ይህ ካልተጻፈ ገዢው ዕቃውን ገልብጦ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብብ። እዚያ ላይ ለምሳሌ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት የሚል ካገኘ ነገሩ አለቀ። ከግድግዳው 60 ዋት የሚስብ ዕቃ ከ60 ዋት በላይ ድምፅ አድርጎ ሳያቋርጥ ሊሰጥ አይችልም። ከአንድ ጣሳ እህል ሁለት ጣሳ ዱቄት እንደማይወጣ ሁሉ ማለት ነው።

ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በእጥፍ አይጨምርም። ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ የሚለው ጉልበቱ አሥር እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ለሰሚው ጥቂት፣ ለከፋዩ ግን ብዙ ነው። ለ3 በ4 ሜትር ሳሎን እውነተኛ 20 ወይም 30 ዋት በእያንዳንዱ ወገን ቢኖር ጎረቤት እስኪቆጣ ድረስ ይበቃል።

ሆም ቴአትር እየተባለ በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ባለ አምስት ስፒከርና ባለ አንድ ቤዝ ዕቃ በብዙ ሱቅ ፊት ለፊት ተደርድሮ ይታያል። ለብዙው ቤት ግን አይመከርም። የኋላዎቹ ሁለት ስፒከሮች የሚሠሩት ፊልሙ ራሱ ለአምስት መስመር የተቀናበረ ድምፅ ሲኖረው ነው። በዲሽ የሚመጡት የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚያስተላልፉት ባለ ሁለት መስመር ድምፅ ነው፤ ተጨምቆ በፍላሽ የሚዞረው ፊልምም እንዲሁ። በዚያው ገንዘብ ሁለት ደህና ስፒከርና አንድ አምፕሊፋየር የገዛ ሰው ንግግሩ ጥርት ብሎ፣ ዘፈኑም ወፈር ብሎ ይሰማለታል። ያገለገሉ የጃፓን ዴኮችና የእንጨት ሳጥን ስፒከሮች እስካሁን ፈላጊ ያላቸው በከንቱ አይደለም። ጂፓስ ብቻ የሚፈልግ ደንበኛም ቢሆን ይህን ካዳመጠ በኋላ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

የአዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች የራሳቸው ድምፅ የሚደክመው ከቅጥነታቸው የተነሳ ነው። ስፒከራቸው ትንሽ ሆኖ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ይጮኻል። ከእነርሱ ወደ አምፕሊፋየር ድምፅ ለማውጣት ደግሞ ብዙዎቹ የድሮውን ቀይና ነጭ ሶኬት አልያዙም፤ በኤችዲኤምአይ ወይም በብርሃን ገመድ ብቻ ያወጣሉ። እዚህ ላይ ወጪ የሚያድን ዘዴ አለ። ዲሹ የሚገባበት ሪሲቨር ቀይና ነጭ መውጫ ካለው፣ ምስሉ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ድምፁ ግን በቀይና ነጭ ገመድ ከሪሲቨሩ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ይላካል። ፍላሹም በሪሲቨሩ ዩኤስቢ ከተከፈተ መቀየሪያ መግዛት አያስፈልግም። በብሉቱዝ ማገናኘት ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ድምፁ ከምስሉ ትንሽ ስለሚዘገይ ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ንግግሩ ይሰማል። ለዘፈን ምንም አይደለም፤ ለድራማ ግን ያናድዳል።

የቤቱ አሠራር ድምፁን እንደሚለውጠው ሻጭም ገዢም አያነሳውም። ወጣ ገባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ከለስላሳው የብሎኬት ግድግዳ ያነሰ ያስተጋባል። የብሎኬት ሳሎን ባዶ ወለልና ትልቅ መስታወት ካለው ንግግር ይምታታል፤ ስጋጃና ወፍራም መጋረጃ ከአዲስ ስፒከር ይልቅ ድምፁን ያሻሽሉታል። የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ የክረምት ጠላት ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲመታው የትኛውም ማጉያ አይችለውም፤ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ኮርኒስም ቢሆን ጥቂት ያለዝባል እንጂ አያስቀረውም። ስፒከሮቹ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ፣ ከማዕዘን ራቅ ብለው ይቀመጡ። ማዕዘን ውስጥ የተወተፈ ስፒከር ቤዙ ጎርናና ሆኖ ንግግሩን ይውጠዋል። ቡፌ አናት ላይ ጣሪያውን እያየ የሚቀመጠው ስፒከርም ገንዘብ ማባከኛ ነው።

ዲሹ ወዴት ይዞራል?

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር ኢትዮሳት የተሰኘውን መድረክ ሲጀምር፣ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለችው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ተሰባሰቡ። በዚህ ምክንያት በየጣሪያው ላይ ወደ ምዕራብ ዞሮ ናይልሳትን ይጠብቅ የነበረ ዲሽ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት፤ ዲሽ አስተካካዮችም ሥራ በዛላቸው። አቅጣጫው ቢሰላ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ኢትዮሳት የምትገኘው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 117 ዲግሪ ገደማ ዞሮ፣ ማለት ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብሎ፣ ከአድማስ 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ናይልሳት በአንጻሩ በምዕራብ በኩል፣ ከአድማስ 38 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች።

ይህ ቁጥር ባሕር ዛፍ ለበዛበት አገር ትርጉም አለው። ከዲሹ በላይ 10 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ኢትዮሳትን የሚጋርደው በ5 ሜትር ርቀት ውስጥ በምሥራቅ በኩል ሲቆም ነው፤ ናይልሳትን ግን ወደ 13 ሜትር ርቆም ይጋርዳል። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ሁለት ዲሽ ያስፈልገዋል። ባሕር ዛፍ በየዓመቱ እንደሚያድግም አይረሳ። ዘንድሮ በጠራ ሁኔታ የሚታይ ጣቢያ ከሁለት ክረምት በኋላ ሲጠፋ ስሙ የሚጠፋው ሪሲቨሩ ነው፤ ጥፋተኛው ግን ዛፉ ነው።

የዲሹ ስፋትም ዋጋ ለመቀነስ የሚጨከንበት ነገር መሆን የለበትም። ትንሹ ዲሽ በጠራ ሰማይ ይሠራል፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ሲግናሉ ስለሚዳከም ምስሉ ይቆራረጣል። በክረምት ደመናው እንደዚያ በሚወፍርበት ምዕራብ ጎጃም ባለ 90 ሳንቲ ሜትሩ የሚከፈልበትን ያህል ይጠቅማል። በዕድሜ የገፋ ሪሲቨር በርካሽ የሚሸጥ ደላላ ሲመጣም ኤምፔግ 4 እና ኤችዲ ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ነው። የማይቀበል ከሆነ ሣጥን እንጂ ሪሲቨር አልገዙም። አንዳንድ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች የሳተላይት መቀበያውን በውስጣቸው ስለያዙ ሪሲቨር መግዛት ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል፤ ጀርባው ላይ የሚጠመዘዝ የዲሽ መግቢያ መኖሩን አይቶ መለየት ይቻላል።

መብራቱ ሲመለስ

አብዛኛው ሰው ቴሌቪዥን የሚያቃጥለው የመብራት መድከም ይመስለዋል። ሆኖም የአሁኖቹ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ በራሳቸው ይሠራሉ፤ ጀርባቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል። በማታ መብራት 170 ቢወርድም ይችሉታል። አደጋው ከላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረው ድንገተኛ ከፍታ አንድ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከምሰሶው ወደ ቤት የሚገባው የኒውትራል ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ የሚሆነው ነው፤ ያን ጊዜ 220 መሆን የነበረበት መስመር ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። አምፖል ባልተለመደ ሁኔታ ደምቆ ሲበራ ከታየ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ መዝጋት ነው።

ስለዚህ ለቴሌቪዥን የሚገዛው ከባዱ ስታቢላይዘር ሳይሆን፣ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ቆርጦ መብራቱ ከተረጋጋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልሰው መከላከያ ነው። ዋጋው ከስታቢላይዘር ያነሰ፣ ጥቅሙ ለዚህ ሥራ የበለጠ ነው። በብረት ትራንስፎርመር ለሚሠሩ ያገለገሉ አምፕሊፋየሮች ግን ስታቢላይዘር ይጠቅማል። ለመብረቅ ሁለቱም አይመልሱም። ደመና ሲጠቁር የመብራቱንም የዲሹንም ገመድ መንቀል፣ የዲሹን ምሰሶም ከመሬት ጋር በሽቦ ማያያዝ ይገባል። የመብራቱን ነቅሎ የዲሹን የረሳ ሰው በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደከፈተ ይቆጠር።

መስመር ያልደረሰበት ቀበሌ ሒሳቡ ሌላ ነው። ባለ 43 ኢንች ኤልኢዲ 70 ዋት፣ ሪሲቨር 15፣ ትንሽ ማጉያ 25 ቢወስዱ ድምሩ 110 ዋት ይሆናል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የተለመደው የአሲድ ባትሪ እንዳይጎዳ ግን ከግማሹ በላይ መወሰድ የለበትም። ኢንቨርተሩ የሚበላው ሲቀነስ 520 ዋት ሰዓት ገደማ ይቀራል፤ ይህም ከ4 ሰዓት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው። የሊቲየሙ ባትሪ ውድ ቢሆንም እስከ 7 ሰዓት ያደርሳል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ባለ 200 ዋት ሶላር በበጋ ቀን ይህን መልሶ ይሞላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን አይታመንም። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 24 ወይም ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ከተገኘ ኢንቨርተሩ ራሱ ይቀራል። ለገጠር ገበያ የሚያስብ ቸርቻሪ ከባለ 55 ኢንቹ ይልቅ ይህን ቢያከማች ዕቃው ቶሎ ይሄድለታል።

ከሳሎን ወደ ንግድ

ያንኑ ዕቃ ሰፋ አድርጎ ማሳያ ቤት መክፈት የሚያስብ ባለ ገንዘብ በሁለቱ ከተሞች አይጠፋም። ስሌቱ ግን ከሳሎን ይለያል። ፕሮጀክተርና አቡጀዲ ርካሽ መንገድ ይመስላል፤ በትክክለኛው ፕሮጀክተር ከሆነ 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ያወጣል። ሆኖም ካርቶን ላይ 7 ሺህ ሉመን የሚለው ርካሽ ፕሮጀክተር ከፒኤምፒኦው ዋት ጋር ወንድማማች ነው፤ አንሲ ሉመን ተብሎ የተለካ ቁጥር ከሌለ በጨለማ ካልሆነ አይታይም። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ከ200 እስከ 300 ዋት ይወስዳል፤ አምፖሉም ከጥቂት ሺህ ሰዓታት በኋላ ይለወጣል፤ መለዋወጫው ደግሞ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ በጄኔሬተር የሚሠራ ቤት ሁለት ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ቢሰቅል በነዳጅ ያተርፋል። አዳራሽ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ የተነቀፈው ጉልበት እዚህ ያስፈልጋል፤ ሃምሳ ሰው እየጮኸ ኳስ ሲያይ የሞንታርቦ ጥንድ ሥራውን ያገኛል።

ባለ ገንዘቡ በሒሳቡ ማስገባት ያለበት ሌላው ነገር ፈቃድ ነው። ለመኖሪያ ቤት የተገዛ የዲኤስቲቪ ክፍያ ለንግድ ማሳያ አይሆንም፤ ለንግድ ቤት የተዘጋጀው ክፍያ የተለየ ነው። ፊልም ገልብጦ በፍላሽ መሸጥና ማሳየትም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል። ይህን የሚያጣራ የለም እየተባለ የተከፈተ ቤት ዋጋው ሲገመት፣ አደጋውም አብሮ መገመት አለበት። ማታ መውጣት በማይቻልባቸው ሳምንታት የአዳራሹ ኪራይ እንደማይቆምም እንዲሁ። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የሰዓት እላፊ የታወጀባቸው ጊዜያት መኖራቸው አይዘነጋም፤ የኳሱ ሰዓት ደግሞ በአብዛኛው ማታ ነው።

ደላላው የሚያተርፈው ከሁሉ በላይ ከያገለገለ ዕቃ ነው። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚዛወር ሠራተኛ፣ ሠርጉን የጨረሰ ቤተሰብ፣ ሥራው ያልሆነለት ማሳያ ቤት ዕቃውን በችኮላ ይሸጣል። የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ነው። አምፕሊፋየርና የእንጨት ስፒከር በዚህ ወቅት ገዝቶ እስከ ታኅሣሥ ማቆየት የሚችል ሰው ዕቃው አያረጅበትም፤ የስፒከሩ ጠርዝ ላይ ያለው ስፖንጅ አለመፈርፈሩን በጣት ነክቶ፣ የድምፅ ማስተካከያውን አዙሮ አለመንኳኳቱን ሰምቶ መግዛት ይችላል። ያገለገለ ጠፍጣፋ ስክሪን ግን ሌላ ነገር ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት በርቶ ሳይሞቅ፣ ምስሉም በአንድ ወገን ሳይጠቁር ገንዘብ ከእጅ መውጣት የለበትም፤ ሻጩ መብራት የለም ካለ መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ደረሰኝ ከሌለም ዋጋው ወርዶ ይደራደር፤ የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ከተገኘ ገዢው ዕቃውንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል፤ ደላላው ግን ኮሚሽኑን ቀድሞ ተቀብሏል።